በአባቴ ማማ ላይ ወንጭፍ ስማር

ሰው በሠላሳ አራት ዓመቱ ወንጭፍ ይማራል? እኔ ተማርኩ። ያውም አባቴ በተቀበሩ በአራተኛው ቀን፣ ወፍ ይጠብቁበት የነበረው ማማ ላይ ወጥቼ።

የምሠራው ሸዋ ሮቢት፣ የደሴ መንገድ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ ነው፤ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። የወላጆቼ ቤት ቀወት ገጠር ውስጥ ቢሆንም በባጃጅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አባቴ የደወሉልኝ ማሽላው ወተት መያዝ ሲጀምር ነበር። «ግሪሳው ዘንድሮ ለጉድ ነው፤ እኔን ደግሞ ወባዋ ይዛኛለች። አንድ ሳምንት ማማው ላይ ብትወጪልኝ ሐኪም ቤት ደርሼ እመለስ ነበር» አሉኝ። እኔ ጉደኛዋ ምን አልኩ? «አባባ፣ ወፍ ለማባረርም ፈቃድ ይወጣል? ሰው ይቅጠሩ እንጂ!» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጣላቸው። ከማማው ያወረዷቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ መንገድ ላይ አረፉ።

በለቅሶው ሰሞን ጎረቤት ተራ ገብቶ ማሳችንን ጠበቀልን። ሰልስት ካለፈ በኋላ ግን ሁሉም የየራሱ ማሽላ አለበት። ያ ማሽላ ደግሞ የእናቴ የዓመት ቀለብ ነው፤ ግሪሳ ከወረደበት በሁለት ቀን አገዳው ብቻ ነው የሚቀረው። እናቴ «ይብላው፤ ከእንግዲህ ለማን ብዬ» አለች። እኔ እምቢ አልኩና ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ ዓይኑን ሳያሽ በዚያው ቀን ፈቀደልኝ። ያኔም ብጠይቅ ይፈቅድልኝ ነበር ማለት ነው፤ እርር አልኩ።

ያስተማሩኝ አጎራባች ማሳ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ወንጭፉ የአባቴ ነው። አንዱ ጫፍ ጣት የሚገባበት ቀለበት አለው፤ ሌላውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘው አናት ላይ ያሽከረክሩና ይለቁታል። ሲወራ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ጠጠሬ ወደ ኋላ ሄዶ የሽማግሌውን አህያ ጀርባ አገኘው።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ወፉ ወዲያ ነው፤ አህያዬ ምን አደረገችሽ?»

«ጋሼ፣ አይሳቁብኝ እንጂ!»

«ሳለቅስ ሰንብቼ ዛሬ ብስቅ ምን አለበት? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ቀስ በይ። እጅሽን አትመልከቺ።»

ቀለበቱ በአባቴ ጣት ልክ የተሠራ ስለሆነ ሰፋኝ፤ ክር ጠምጥሜ አጠበብኩት። ሜዳችን ላይ ድንጋይ እንደልብ ስለማይገኝ፣ አባቴ ለመወርወሪያ ከጭቃ አድቦልብለው ያደረቋቸው እንክብሎች ማማው ላይ ተከምረዋል። አንዱን ባነሣ የአውራ ጣታቸው አሻራ አለበት። ሁለተኛውንም አየሁ፤ እሱም ላይ አለ። እዚያው ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሽማግሌው ከታች ሆነው «ወርውሪያቸው እንጂ ልጄ፤ ለዚሁ ነው የሠሯቸው» አሉኝ። ወረወርኳቸው። አንድ በአንድ መሬት ላይ ተፈረካከሱ።

ለካ እጅ ከባለቤቱ ቀድሞ ነው የሚማረው። ከሳምንት በኋላ ሳላስበው ግራ እግሬን ቀደም፣ ትከሻዬን ዘንበል ማድረግ ጀመርኩ። እንደዚያ የሚቆሙት አባቴ ነበሩ፤ ማንም አላሳየኝም። ቀጥሎ ጩኸቱ መጣ። እኛ አገር ወፍ ጠባቂ ሁሉ የየራሱ ጩኸት አለው፤ ማን ማሳው ላይ እንዳለ ከሩቅ በድምፁ ይለያል። አባቴ «ሃይ!» ብለው መጨረሻውን እየጎተቱ ወደ ታች ይጥሉት ነበር። አንድ ማለዳ ያው ጩኸት ከእኔ ጉሮሮ ወጣ። በየማማው ያሉት ጠባቂዎች በሙሉ ጸጥ አሉ። ወፉ ግን በነቂስ ተነሥቶ ሄደ፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ በእሳቸው ጩኸት ጠበቅሁ።

አንድ ቀን እናቴ ምሳ አምጥታልኝ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር አረፍ አለች። እንቅልፍ ካጣች ሰንብታ ነበርና ሸለብ አደረጋት። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ግሪሳው ከወንዙ በኩል መጣ። የአባቴን ባርኔጣ እንደደፋሁ ወንጭፉን አሽከረከርኩና «ሃይ!» አልኩ።

እናቴ ብንን ብላ ተነሣች። ነጠላዋን እየሰበሰበች ወደ ማማው ቀና አለች፤ ፀሐይዋ ከኋላዬ ነበረች።

«ስንቴ ልለምንዎት? ይውረዱ እንጂ! ትኩሳቱ እኮ ይጥልዎታል» አለች።

ወንጭፉን ዝቅ አደረግሁ።

«ልጅቷን ደግሞ አይጠብቁ። እሷ እንደሆነች አትመጣም።»

ለካ አባቴ ስቀው ስልኩን ከዘጉ በኋላ፣ እነዚያን አምስት ቀናት ትመጣለች ብለው እየጠበቁኝ ኖሯል። ባርኔጣውን አወለቅሁ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። መጥቻለሁ እኮ።»

እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ አየችኝ።

«አሁንማ መጣሽ» አለች።

ባዶውን የምሳ ዕቃ አንሥታ ወደ ቤት ሄደች። ግሪሳው ማሽላው ላይ ሰፍሯል። ወንጭፉን አነሣሁ፤ በአባቴ ጩኸት ግን መጮህ አልቻልኩም።