ሰኔ በሳልዋ

ኮሮና የገባ ሰሞን ኩዌት፣ ሳልዋ ሰፈር የምሠራበት ቪላ በር ተቆለፈብኝ። የዓርብ ዕረፍቴ ቀረ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ማዳም በሽታውን ወደ ቤት ይዤ የምገባው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ደምድማለች። ልጆቿ ግን የአክስቶቻቸውን ልጆች እንደ ልባቸው ያቅፉ ነበር፤ የዘመድ ቫይረስ አይዝም መሰለኝ።

የቀረኝ መውጫ ቆሻሻ መጣል ነበር። ገንዳው ከአጥራችን ጀርባ፣ በእኛና በጎረቤት ቪላ መካከል ባለች የአሸዋ ቁራጭ ላይ ይቆማል። ጎረቤት ቤት የምትሠራው የጎጃም ልጅም በዚሁ ሰበብ ትወጣለች። ቤት ውስጥ ቆሻሻ እስኪጠፋ ድረስ ጣልን። ባዶ ፌስታል ይዤ የወጣሁበት ቀን አለ።

አንድ ቀን የጎጃሟ ልጅ ከአገር ስትመጣ በሻንጣዋ የያዘችውን የጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥራ ብቅ አለች።

«እዚህ እንዝራው። አትክልት ላጠጣ ብንል ማን ይከለክለናል?»

ማዳምን ቫይታሚን ነው፣ ለልጆቹ ጥሩ ነው ብዬ ለመንኳት። በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ፈቀደችልኝ። «ግን አረንጓዴ ነገር ካላየሁ ኻላስ፣ በሩ ይዘጋል» አለችኝ። በአማርኛ የምስቅባት ሌላ ሰዓት ስላልነበረኝ ያቺን ሰዓት ማጣት ፈራሁ።

ፊት ለፊት ያለውን ፎቅ የሚጠብቁት የወሎ ሰው፣ ጋሼ የምንላቸው፣ አካፋና የውሃ ጎማ ይዘው መጡ። ደቦ ሆንን፤ የሦስት ሰው ደቦ። መቼ እንዝራ በሚለው ላይ ብዙ አልተከራከርንም። ሰኔ ገብቷላ! በሰኔ ያልተዘራ መቼ ሊዘራ ነው? ከሰማይ የሚወርደው እሳት እንደሆነ ያስተዋለ የለም፤ ሁላችንም ያየነው የግድግዳውን የአበሻ ካላንደር ነው። የጎጃሟ ልጅማ ዝናቡ ሲመጣ ውሃ ይተኛበታል ብላ ቦይ አስቆፈረችን። ኩዌት ውስጥ የጎርፍ ቦይ! ጋሼም ላባቸው እየተንጠፈጠፈ «ትንሽ ጠለቅ ይበል» ይሉ ነበር።

ጎመኑ በቀለ፤ ደስታችን ግን አልሰነበተም፤ ጠወለገ፣ ደረቀ፣ ንፋስ ወሰደው። የማይደርቀው ከኤሲው በሚንጠባጠበው ውሃ ሥር መሬት ለመሬት የሚሳብ ወፍራም ቅጠል ያለው አረም ብቻ ነበር። እሱንም በንዴት መንቀል ጀመርን።

ማዳም ብቅ ብላ አሸዋውን አየችና «ኻላስ፣ ከነገ ጀምሮ በሩ ይዘጋል» ብላ ገባች። የጎጃሟ ልጅ ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም፤ አረሙን መንቀሏን ቀጠለች።

ያኔ ከቪላችን ፎቅ መስኮት ጩኸት ወረደብን። የማዳም እናት ናቸው፤ ማማ እንላቸዋለን። እሳቸውም ኮሮና እንዳይዛቸው ተብሎ ክፍላቸው ውስጥ ከተዘጋባቸው ወራት ሆኗቸዋል።

«ባርቢር! ባርቢር! እናንተ አህዮች፣ የሚበላውን ትነቅላላችሁ?»

ለካስ አረም ያልነው ማማ ልጅ ሳሉ በዚህ ሙቀት ይበሉት የነበረ ቅጠል ነው። ካላወረዳችሁኝ አሉ። ማዳም ሐኪም ከልክሏል ብትል፣ ዕድሜያቸውን ብታነሳ፣ ከምንም አልቆጠሯትም። በዊልቸር አወረድናቸው። በከዘራቸው እየጠቆሙ የነቀልነውን አንድ በአንድ መልሰው አስተከሉን፤ አሮጌ አንሶላ ከአጥሩ ላይ አሳስረው ጥላ አሠሩን። የጎርፍ ቦዩን ሲያዩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የቧንቧ ነው አልኳቸው።

በማግስቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ማዳም ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ማማ ደግሞ ዓባያቸውን ለብሰው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ ዊልቸራቸው ላይ ተዘጋጅተዋል።

«ያላ፣ ግፊኝ» አሉኝ። ልጃቸውን ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ማዳም ከፈተች።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ወጣን። ባርቢሩ አሸዋውን ሸፈነው፤ በሽንኩርትና በሎሚ በላነው፤ ጎመንን ባያስረሳም ቅጠል ነውና የሰኔ ጾማችንን አላስፈታንም። ማማ አንዲት የአማርኛ ቃል አያውቁም፤ እኛ ስንስቅ ግን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ አብረውን ይስቃሉ። የምናማው ልጃቸውን ነበር። ሳያውቁ የቀሩ አይመስለኝም።