በጋዜጣ መሐል የደረቀችው ባሚያ

የልጅ ልጄ ሰሞኑን መጽሐፍ ውስጥ ከትቶ ያቆያትን ቅጠል አሳየኝ። ተቀበልኩትና አሸተትኳት። ወረቀትና ድርቆሽ ትሸታለች። ወዲያው ሽንፋ ወንዝ አጠገብ የነበረው የአባቴ ሰሊጥ መጣብኝ፤ ጠዋት ፀሐይ ጤዛው ላይ ስታርፍ ማሳው ሁሉ ከመሬት ተነሥቶ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር።

በጣሊያን ጊዜ ነው፣ ልጄ። እኔ ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ ዘር ወዳድ ነው፤ ጨው ግዛ ተብሎ ተልኮ ዘር ይዞ የሚመለስ ሰው። እናቴ "ያገባው ዘሩን ነው፣ እኔንማ ጎረቤት ነው ያደረገኝ" ትል ነበር። በዚያ ዓመት ከሱዳኑ የገላባት ገበያ ነጭ ሰሊጥ አምጥቶ ዘራ። ክረምቱ ሲጋመስ ከቅጠሉ ሥር ጥጥ ለብሶ የሚቀመጥ፣ አይተነው የማናውቀው ተባይ የመንደሩን ሰሊጥ ይመጠው ጀመር። የሰው አፍ መች ያርፋል። "ከሱዳን በዘሩ ይዞብን መጣ" ተባለ።

አጨዳ ደረሰ። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅህም፤ ፍሬው አፉን ከከፈተ ዘሩ መሬት ነው። ስለዚህ እኛ ቆላ ያለ ደቦ ሰው አይኮንም። ማሳዎቹን በተራ የሚያሳጭዱት የደቦው አበጋዝ የእኔው የክርስትና አባት ነበሩ። የሁሉንም አሳጨዱ፤ የእኛን ዘለሉት። አባቴ ደጃቸው ሄዶ ሲቆም "ተባይ ላመጣብን ሰው ማጭድ አላነሣም" አሉት። ከእናቴና ከእኔ ጋር ማጨድ ጀመረ። ማሳው ግን ጉልበታችንን ከቁብ አልቆጠረውም።

በዚያው ሰሞን ቅጠል ለቃሚው ጣሊያን በማሳችን አለፈ። የዚህ ሰውዬ ሥራ ያገኘውን ዕፅ ሁሉ እየነቀለ ድንኳኑ ውስጥ በጋዜጣ መሐል ማድረቅ ነበር፤ እኛ ጎረምሶቹ "ፍየሉ" እንለው ነበር። አንድ ሰሊጥ ቆርጦ ቅጠሉን ገለበጠ። "ይኼ እኔ ጋ አለ። አምና አለ" አለ፣ በተሰባበረ አማርኛው።

ተባዩ አምናም ከነበረ ዘሩ አላመጣውም ማለት ነው፤ አባቴ ይህን ይዞ ወደ አበጋዙ በረረ። እሳቸው ግን "ከጠላት ድንኳን ምስክር አልሰማም" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አልፈርድባቸውም፤ ወንድማቸውን ጣሊያን ገድሎባቸዋል። ብቻ እሳቸው ሲኮሩ የእኛ ሰሊጥ አፉን ይከፍት ነበር። ነፋስ ሲነካው ሸሽ፣ ሸሽ ይላል። ዛሬም በእንቅልፌ እሰማዋለሁ። በመጨረሻ እኔ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "ክርስትና ያነሱኝ ለመቼ ሊሆኑኝ ነው?" አልኳቸው። ጋቢያቸውን አነሡና ወደ ጣሊያኑ ድንኳን ተከተሉኝ።

የድንኳኑ ብርሃን ወተት የተቀላቀለበት ውሃ ይመስላል። ጣሊያኑ ጋዜጣ ገለጠ፤ ጠፍጣፋ ሆና የደረቀች የዱር ባሚያ። ከቅጠሏ ሥር ያ ጥጥ ከነተባዩ ተጣብቋል። የክርስትና አባቴ ግንዷ ላይ የታሰረውን ልጥ ነካ አደረጉ። ቋጠሮው የእጃቸው ነበር። "ይህችን እኔ ነኝ የሰጠሁህ" አሉ። "አምና ለመስቀል፣ ከጦራችሁ በቅሎዎች ሰፈር ለወጥ ለቅሜ ስመለስ መንገድ ላይ ለምነኸኝ።" አምና ለመስቀል አባቴ ያን ዘር በዓይኑም አላየውም ነበር። ጣሊያኑ ሌሎቹንም ጋዜጦች ገለጠ። ከወንዙ ዳር የተነቀለው ንጹሕ ነው፤ ከገላባት መንገድ የተነቀለውም ንጹሕ ነው። ጥጡ ያለው የጦሩ በቅሎዎች ከባሕር ማዶ የመጣ ድርቆሽ ከሚበሉበት ሰፈር በተነቀሉት ላይ ብቻ ነበር። ጣሊያኑ ላብ አጠመቀው። "የእኛ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "በድርቆሽ መጣ።"

የክርስትና አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ደቦው ሰዎች ሄዱ።

በማግስቱ ደቦው መጣ፣ አገር ምድሩ ማጭድ ይዞ። ሰሊጡ ግን ረግፎ አልቋል። ዘሩ መሬቱ ላይ ተነጥፎ ወፍ ይለቅመዋል። ሰዉ ዳር ላይ ቆሞ ቀረ። እኔም የሚመለሱ መሰለኝ። የክርስትና አባቴ ጎንበስ አሉና የመጀመሪያውን ባዶ አገዳ አጨዱ። ከኋላቸው ሁሉም ጎንበስ አለ። የአጨዳውን ዘፈን ዝግ አድርገው አወጡት። ነዶውን አስረው፣ ዘሩ እንዳይፈስ እንደሚደረገው፣ ራሱን ወደ ሰማይ አድርገው በጥንቃቄ አቆሙት። አባቴ ዳር ቆሞ ብዙ አያቸው። ከዚያ ማጭዱን አንሥቶ ከአበጋዙ ጎን ገባ። እስኪመሽ አጨድን፤ ባዶ ነው ያለ ሰው አልነበረም።