በር ላይ የቆመችው ልጅ

በጨረር ምርመራ ክፍሉ ውስጥ እንደ እሷ መርፌ የሚያውቅበት አልነበረም። ደም ሥራቸው አልገኝ ያለ አሮጊቶች ሳይቀሩ «ያቺ እጀ ለስላሳዋ ትምጣልኝ» ይሉ ነበር። አናጢው አባቷ ለአጥንት ምርመራ መጥተው ሌላ ባልደረባ ሲወጋቸው ታዲያ ቅር አላቸው።

«ሰው ልጅ አስተምሮ በባዕድ ይወጋል?» አሉ፣ በሩ ላይ ወደቆመችው ልጃቸው ዞረው።

«ዛሬ ተራው የሱ ነው፣ አባባ።»

ውሸቷን ነው። ነፍሰ ጡር ሆናለች። የሚወጋው መድኃኒት ጨረር አለው፤ የተወጋውም ሰው ለጥቂት ሰዓት ያንኑ ጨረር በዙሪያው ይረጫል። ስለዚህ አለቃዋ ከመርፌው ሥራ አንስቷት፣ ጨረር ከማያሳልፈው መስታወት ጀርባ፣ ምስሉ የሚታይበት ስክሪን ላይ አስቀምጧታል። ከእሱና ከባሏ በቀር የሚያውቅ የለም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባታል። ሁለቱንም ጊዜ ገና ሳይጠና ለአባቷ አብስራ ነበር፤ በሁለተኛው እንዲያውም አባት ሆዬ የሕፃን አልጋ ሠርተው ጨረሱ። አልጋውን መልሰው ሲፈቱት ደርሳ አየችና «ከእንግዲህስ ልጁ ተወልዶ ካላለቀሰ አፌን አልከፍትም» አለቻቸው። ይኸው የሆዷን በሆዷ ይዛ ትኖራለች።

መድኃኒቱ አጥንት ውስጥ እስኪገባ ድረስ መጠበቅ ግድ ነው። አባት ውሃቸውን እየጠጡ አጠገባቸው ያለውን ወንበር መታ መታ አደረጉ።

«ነይ እንጂ እናቴ፣ ቁጭ በይ።»

«ሥራ አለብኝ።»

«ምነው፣ ሸተትኩ እንዴ?»

ሳቀች፤ ግን አልተጠጋችም። አባትም እጃቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ።

ካሜራው በላያቸው ቀስ እያለ ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ አጥንታቸው ብቅ ይል ጀመር። መድኃኒቱ አብልጦ የሚከማቸው አጥንቱ በታመመበት ቦታ ነው፤ እዚያ ይጠቁራል። የሚያማቸው ወገባቸውን ስለሆነ የጠበቀችው እሱን ብቻ ነበር። ጥቁሩ ግን በጀርባቸው ሽቅብ ወጣ፣ ጎድናቸውን ያዘ፣ ትከሻቸው ላይም ታየ። እንዲህ ያለ ምስል ስንቱን አይታለች! አብዛኞቹ ለሁለተኛ ምርመራ አልተመለሱም። እጇ ግን የለመደውን ሥራ ሠርቶ ጨረሰ።

አባት ሸሚዛቸውን እየቆለፉ ወጡ። እሷ እንደ ጠዋቱ በር ላይ ቆማለች።

«ምን አየሽ?»

«ውጤት የሚናገረው ሐኪሙ ነው፣ አባባ።»

«ይሁን፣ ደንባችሁን አላስጥስሽም። ግን ከጠዋት ጀምሮ ትሸሺኛለሽ። ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ንገሪኝ።»

ይህን ይዘው እንዲሄዱ አንጀቷ አልቻለም። ልጁ እስኪያለቅስ ብትጠብቅ ደግሞ ማንን ልታበስር ነው?

«አርግዣለሁ። ለዚህ ነው የማልጠጋዎት።»

ፊታቸው በራ። ሊያቅፏት እጃቸውን ዘርግተው ራመድ ካሉ በኋላ ሲወጉ «ነፍሰ ጡር አያስጠጉ» የተባሉት ትዝ አላቸውና ጀርባቸው ግድግዳው ጋ እስኪደርስ አፈገፈጉ።

«እሰይ፣ እናቴ። እሰይ» አሉ። «ስንተኛ ወርሽ ነው?»

«ሦስተኛ።»

ደስታው ከፊታቸው ሳይወርድ ዓይኗን አዩት።

«ሳያለቅስ አልናገርም ብለሽኝ ነበር እኮ።»

ፊቷን ከእሳቸው አዞረች።

«አልደርስለትም ማለት ነው?»

ደንቡም፣ ልጁም፣ ሁሉም ጠፋባትና እያለቀሰች ወደ እሳቸው ሄደች። አባት ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ከለከሏት።

«እዚያው ሁኚ፣ እናቴ» አሉ፣ እሳቸውም እያለቀሱ። «እዚያው።»