በግ የተጫነበት አምቡላንስ

ባለፈው ቅዳሜ ለሥልጠና ሱሉልታ ሄጄ ምሳ ፍለጋ ስወጣ፣ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ አምቡላንስ ቆሞ አየሁ። ሾፌሩ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ጥሬ ሥጋ ይቆርጣል። በሽተኛ ይዞ እንደሆነ ጠየቅኩት። «አይ፣ አለቃዬ እስኪጨርሱ ነው» አለኝ ቅንጣት ሳያፍር። የምግብ ፍላጎቴ እዚያው ተዘጋ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በተነሣበት ዘመን እዚያው አካባቢ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። ወረዳው የመጀመሪያ አምቡላንሱን እንዳገኘ፣ ከሾፌሩ ከጋሽ በቀለ ጋር በየገጠሩ እየዞርን «ምጥ ከጠና፣ ደም ከፈሰሰ ደውሉ» እያልን አስተማርን። ገበሬው እርጎ አጠጥቶ ይሸኘን ነበር። መኪና ብቻውን ምን ያደርጋል? ስደውል ይመጣልኛል ብሎ የሚያምን ሰው ከሌለ ቆርቆሮ ነው።

ጤፉ ተወቅቶ፣ የእንጦጦ ንፋስ ፊት በሚገርፍበት የገና ሰሞን፣ የጎጃም መንገድ በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ ተዘጋ። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከልብሳችን አይለቅም። ያም ሆኖ መንገዱን የዘጉት ወጣቶች አምቡላንስ ሲያዩ ግንዱን ያነሡልን ነበር።

አንድ ጠዋት ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የጫንጮ አካባቢ ገበሬ ደወሉ። «የልጄ ሚስት ጫልቱ ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። ማሎ ልጄ፣ ድረሱልን» አሉ።

ቦርሳዬን ይዤ ስሮጥ የጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ መኪና የለም። ጋሽ በቀለ ጋ ደወልኩ።

«የወረዳው ኃላፊ የበዓል በግ ሊያመጣ ይዞኝ ወጣ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወጣቶቹ ሌላ መኪና ስለማያሳልፉ በዚህ ይሻላል አለ። አሁን ቤቱ እያወረድን ነው።»

ሲመጡ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። የበሽተኛ አልጋው በበጠጥ ተለውሷል፣ ወለሉ ላይ ሽንት ይፈስሳል። መኪናው እየሄደ በጨርቅ ጠረግኩ፤ ሽታው ግን አልወጣም።

መንገዱ ላይ ወጣቶቹ አስቆሙን። ጠዋት በጎቹን በመስኮት አይተዋቸዋል። አንዱ የኋላውን በር ከፍቶ አሸተተና ምራቁን ተፋ።

«በግ በጫናችሁበት ላይ እናት ልትጭኑ ነው፣ ሲስተር?» አለኝ።

ጋሽ በቀለ በኦሮምኛ ሲለምኗቸው ግንዱን አነሡ።

ጫልቱን ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልቱ ዳር ሲጠብቁ አገኘናቸው። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ሆዷን እያሸሁ፣ ግሉኮስ ሰክቼ ወደ አዲስ አበባ በረርን። እንጦጦን ስንወጣ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» አለችኝ።

ተረፈች። ማሕፀኗ ግን ወጣ፤ ሌላ ልጅ አትወልድም።

በኋላ በተደረገ ግምገማ ኃላፊው አምቡላንሱ በመንገድ መዘጋት ምክንያት መዘግየቱን ተናገረ። ተነሥቼ «ያዘገየው ድንጋይ አይደለም፤ የእርስዎ በግ ነው» አልኩ።

ፈገግ አለ። «እንግዲህ ሲስተር፣ በጉም ነፍስ አለው።»

አዳራሹ ሳቀ። የጤና ጣቢያው ሐኪሞችም ሳቁ።

ጫልቱን ልጠይቅ ስሄድ የሆነውን ሁሉ ለኦቦ ገመቹ ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ መንገዱ ወረዱና ከወጣቶቹ ጋር ተነጋገሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሽተኛ ወይም ነርስ ያልያዘ አምቡላንስ በዚያ መንገድ አላለፈም። ኃላፊው አንድ ጊዜ ለራሱ ጉዳይ ይዞት ሊያልፍ ሞክሮ አስወረዱት፤ በሚያብረቀርቅ ጫማው አቧራውን እየረገጠ በእግሩ ተመለሰ። መኪናውን ከመንግሥት ሰው የጠበቁልን፣ መንግሥት ሁከተኛ የሚላቸው ልጆች ነበሩ።

ዛሬ ለጀማሪዎች ደም ማቆም አስተምራለሁ። አንዳንዶቹ ደም ሲያዩ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ይለመዳል እላቸዋለሁ፣ እውነትም ይለመዳል። በሥራ ዘመኔ ደምም፣ ትውከትም፣ የሸተተ ቁስልም በእጄ ነክቻለሁ፤ ታጥቤ እህል በልቻለሁ። የዚያን አዳራሽ ሳቅ ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም፤ መልመድም አልፈልግም።