ሁለት መቶ አንድ ጣሳ ውሃ

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ማካፈል የሚባል ነገር ጠላቴ ነበር። ቀሪ ሲወጣብኝ ዝም ብዬ እተወዋለሁ፤ ማን ይፈልገዋል ብዬ። አባቴ ደግሞ ነገሌ ጦር ሰፈር የስንቅ ግምጃ ቤት ኃላፊ ስለነበሩ ይህን እንደ ውርደት ይቆጥሩት ነበር።

በበጋው አንድ ሰኞ ወተት የምታመጣልን የቦረና ሴት "አካም፣ ናጋ?" ብላ ስትገባ እናቷ የሞተችባትን ግልገል ፍየል ታቅፋ ነበር። ለእኔ ሰጠችኝ። እናቴ ፊቷን አጠቆረች። የጦር ሰፈሩ ቦቴ በየሰኞው አንድ በርሜል ውሃ ይሞላልናል፤ ሌላ የለም።

"ለሰው ያልበቃ ውሃ ለፍየል?" አለች።

ሴትየዋ ሳቀች። "ፍየል ትንሽ ነው የሚጠጣ። ብዙ የሚጠጣ ሰው ነው።"

አባቴ ግን በርሜሉን ለእኔ አስረከቡኝ። "እስከሚመጣው ሰኞ የውሃው አዳይ አንቺ ነሽ። የሌላ ሰው ድርሻ ሳትነኪ ካጠጣሻት ትኖራለች፤ ካቃተሽ ወደ መጣችበት ትመለሳለች።"

በርሜሉ ሁለት መቶ አንድ ጣሳ ይይዛል አሉኝ፤ ያቺን አንዷን እንኳ አይተዋትም። ለአራት ሰው ለሰባት ቀን ሳካፍለው ለእያንዳንዳችን በቀን ሰባት ጣሳ ደረሰን፤ ቀሪ አምስት። ግልገሏ በቀን አንድ ጣሳ ትጠጣለች። ሁለት ጎደለኝ።

ጓሮ ገብቼ የመስፈሪያውን ጣሳ ቂጥ በድንጋይ ትንሽ ወደ ውስጥ ቀጠቀጥሁት።

ከዚያ ወዲያ የቤቱ ሹም ሆንሁ። የበርሜሉ ክዳን ላይ ተቀምጬ ታላቅ ወንድሜን ፊቱን በሳሙና እንደለቀለቀ "ድርሻህ አልቋል" አልኩት። አባቴን ሳይቀር "የእግርዎ ውሃ ከመጠጥዎ ይቀነሳል" ብያቸው እግራቸውን ሳይታጠቡ ተኙ። ደስ ያላቸው ይመስላሉ።

ዓርብ ማታ የግልገሏ አምስት ጣሳ አለቀ። አባቴ የመለኪያ ምልክት ያለው ዱላቸውን በርሜሉ ውስጥ ሰደዱ።

"ጉድለት የለበትም" አልኩ፣ ሳይጠይቁኝ።

"ትርፍ አለበት። ስምንት ጣሳ።" ጣሳውን ገለበጡና አውራ ጣታቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተቱ። ፈራሁ፤ የፈራሁት ግን ለጀርባዬ ሳይሆን ለግልገሏ ነው። "የተሰረቀው ለባለቤቱ ይመለሳል። አካፍዪ" አሉና ጠመኔ ሰጡኝ።

በርሜሉ ጎን ላይ ጻፍሁ። ስምንት ለሦስት፤ ሁለት ደረሰ፣ ቀሪ ሁለት። "ቀሪው እንግዲህ ለፍየሏ..." ብዬ ጀመርሁ።

"ለምን ለሦስት?"

"እማዬ፣ ወንድሜና እርስዎ።"

"ለራስሽ በየትኛው ትቀጂ ነበር?"

"በዚሁ።" ሳምንቱን ሙሉ ጠምቶኝ ነበር፤ ሌላ ጣሳ ማንሳት ግን ትዝም አላለኝም።

አባቴ የጻፍሁትን በመዳፋቸው አጠፉት። "እንግዲያው ውሃ የተሰረቀበት አራት ሰው ነው። እንደገና።"

ስምንት ለአራት፤ ሁለት። ቀሪ የለም። ወንድሜ የራሱን ሁለት ጣሳ ወዲያው ተቀብሎ ፊት ለፊቴ እግሩን ቀስ እያለ ታጠበበት።

"የአንቺ ሁለቱስ?" አሉ አባቴ።

"ቅዳሜ አንድ፣ እሁድ አንድ። ለእሷ።"

"ድርሻሽ ነው፤ ለፈለግሽው ስጪ። የሳምንት ድርሻሽ ግን ስንት ነበር?"

"አርባ ዘጠኝ።"

"ከአርባ ዘጠኙ ሁለት ለመስጠት ማን ከልክሎሽ ነው ቤቱን ሁሉ የዘረፍሽው?"

በርሜል ሙሉ ውሃ ስለካ ስከፋፍል ሰንብቼ፣ የእኔም ድርሻ የእኔ መሆኑን ለአንዲት ደቂቃ አላሰብኩትም ነበር።