የእማዬ የስፌት መኪና

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። የእናቴ አርባ በወጣ ማግስት፣ የስፌት መኪናዋን ታቅፌ ከዓለም ባንክ ሰፈር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ጉልበቴ ላይ ያለውን ብረት አይተው «ልብስ ሰፊ ነህ?» አሉኝ። «የእናቴ ነው» አልኩ። «እሷስ ደህና ናት?» ሲሉኝ በመስኮት ማየት ጀመርኩ።

የስፌት መኪናው ክር እየበጠሰ አስቸግሯት ነበር። ወራት ሙሉ ታገለችው። ክር ቀየረች፣ ዘይት አጠጣችው፤ አልሆነም። እኔም ሰልችቶኝ «እማዬ፣ መኪናው ምንም አልሆነም፤ እጅሽ ነው የደከመው። በቃ ተይው» አልኳት። በነጠላዋ ሸፈነችው። እስክትሞት ድረስ ዳግም አልገለጠችውም። አሁን ለጎረቤታችን ልሰጠው አሰብኩ፤ ግን ክር የሚበጥስ መኪና እንዴት ይሰጣል?

አየር ጤና ወዳሉት ሽማግሌ ጠጋኝ፣ ጋሽ ታደሰ ጋ ወሰድኩትና «የእናቴ ነው፤ ክር ይበጥሳል» አልኳቸው። ይፈታቱታል ብዬ ስጠብቅ አንዲት ብሎን ብቻ አላልተው፣ መርፌውን ግማሽ ዙር አዙረው መልሰው አጠበቁት። ቁራጭ ጨርቅ አስገብተው መዘውሩን ሲያዞሩት፣ ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር ተሰፋ።

«አለቀ?» አልኩ።

«አለቀ። መርፌው ጀርባው ዞሮ ነው የገባው።» ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «እናትህ ስንት ዓመት ሰፉበት?»

«ሠላሳ ዓመት።»

«እንግዲያው እሳቸው አይደሉም። ማን ነው የገጠመው?»

አምና፣ «ዓይኔ ደከመ» ስትለኝ፣ መርፌውን የቀየርኩላት እኔ ነበርኩ።