አንድ ጣት እልፍ ያለው ክንድ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚሉት ለእሱ ነው! የመኖ ፋብሪካው በያጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልረሳት አንዲት ፎቶ ነበረች። ፋብሪካው መግቢያ ላይ ተሰቅላለች፤ ፎርማኑ ከሚዛኑ ቋት ሥር ቆሞ ይስቃል፤ ከግርጌው «የመዝጊያው ፈልሳፊ» ይላል።

ፈልሳፊ! መዝጊያውን የሠራው በያጁ ነው። ድሮ የቋቱን የታች አፍ ዘግቶ የሚይዘው የአየር ግፊት በተቋረጠ ቁጥር አፉ ብርግድ ይልና የተመዘነው መኖ ሁሉ መሬት ይደፋ ነበር። አንድ ቀን አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆሞ የገዛ ጉልበቱን አስተዋለ፤ ያልደከመው ከቀጥታው ትንሽ ወደ ኋላ እልፍ ብሎ ስለተቆለፈ ነው። ሄደና የቋቱ መዝጊያ ላይ ሁለት የብረት ክንዶች በአንድ ፒን አጋጠመ። ቋቱ ሲዘጋ መጋጠሚያው ከቀጥታው አንድ ጣት እልፍ ብሎ ማቆሚያው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወዲያ የመኖው ክብደት ራሱ ይቆልፈዋል፤ አየር ኖረ አልኖረ! ፎርማኑ እድገቱን ወሰደ፤ ለበያጁ ጓንት ተሰጠው። ያውም ሁለቱም የግራ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለእግዜር ስጠው» ትለዋለች ባለቤቱ።

«እሰጠዋለሁ፤ መጀመሪያ እኔ ልጨርስ።»

ጎብኚዎች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ፎርማኑ ቀና ብሎ ክንዱን አየና ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ነገር ጎብጧል እኮ! እንግዳ ፊት ሊያዋርደን ነው። ቀጥ አድርገው።»

በያጁ ጆሮውን ቀሰረ። «አለቃ፣ ቀጥ?»

«ቀጥ!»

«እንደ ክር?»

«እንደ ክር አልኩህ! ጆሮህንም በይደኸዋል እንዴ?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። በያጁ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ማቆሚያው ላይ አንድ ጣት የሚወፍር ብረት በቡሎን አሰረና ክንዱን እንደ ክር ቀጥ አደረገው፤ ከእንግዲህ የሚይዘው አየሩ ብቻ ነው። በጉብኝቱ ጠዋትም ቋቱ ውስጥ ሁለት ጆንያ ፉርሽካ ብቻ አስገባ፤ ሊያለብሰው እንጂ ሊገድለው አልፈለገም።

ፎርማኑ በግራጫ ሱፉ ልክ እንደ ፎቶው ከቋቱ ሥር ቆመ። «ክቡራን፣ አየሩን ብናቋርጥ እንኳ የእኔ መዝጊያ...»

አየሩ ፉስስ አለ። ክንዱ ንቅንቅ አለና እጥፍ! ፉርሽካው ዝርግፍ!

አቧራው ሲገለጥ ሰውዬው ቅንድቡ እንኳ አይለይም። ሥራ አስኪያጇ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ፈልሳፊው ያስረዱን እንጂ፣ ምን ሆነ?» አለች።

አፉን ከፈተ፤ ፉርሽካ ወጣ እንጂ ቃል አልወጣም። በያጁ መፍቻውን ይወለውላል። ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው ስድስት ደቂቃ አያቅተውም። በመጨረሻ ፎርማኑ እያስነጠሰ ወደ እሱ ዞረ።

«እባክህ... አንተ ታውቀዋለህ...»

«ማን ነው የሚያውቀው? ጮክ በል አለቃ፣ ጆሮዬን በይጄዋለሁ።»

«አንተ! የሠራኸው አንተ ነህ!»

በያጁ ያቺን ብረት ፈታ፤ ክንዱ አንድ ጣት እልፍ ብሎ ቀጭ አለ። ሁለት ጆንያ እንደገና አስሞላና እሱው ራሱ ከሥር ቆሞ፣ «አየሩን አቋርጡት» አለ። ብናኝ እንኳ አልወደቀም።

ፎቶዋ በማግስቱ ወረደች። በያጁ ለምኖ ወሰዳትና ቤቱ የሽንት ቤት በር ላይ ሰቀላት።

«አሁንስ ለእግዜር ሰጠኸው?» አለችው ባለቤቱ።

«ሰውዬውን ሰጥቻለሁ» አላት። «ፎቶዋን ግን እግዜርም ቢጠይቀኝ አልሰጥም።»